ጉዳዩ፦ ለአፈሬ የተደረገለትን መስተንግዶ ይመለከታል

ለተከበራችሁ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች፣

ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ ሰሞኑን ከረጲ ተነሥቼ ይዤላችሁ ለመጣሁት አንድ ፌስታል አፈር ስላደረጋችሁለት አቀባበል ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ስማችሁን አልጠራም፤ ደግነታችሁ ተሰምቶ ባለጉዳይ እንዳይበዛባችሁ።

አፈሩ የጓሮዬ ነው። ጎመን አበቅልበታለሁ፤ የልጅ ልጄ ትድህበታለች፣ ጣቷንም ትልሳለች። ከአጥራችን ሳይርቅ የአዲስ አበባ ቆሻሻ መጣያ የሆነው ቆሼ አለ። የጠየቅኋችሁም አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እርሳስ አለበት ወይስ የለበትም?

በር ላይ ጥበቃው ፌስታሉን ፈታና «እማማ፣ ቆሻሻ ይዞ መግባት ክልክል ነው» አለኝ። «ኧረ አፈር ነው ልጄ» ስለው «ያው ነው» አለ። ከመሥሪያ ቤታችሁ እስካሁን የምርመራ ውጤት የነገረኝ እሱ ብቻ ስለሆነ ዕድገት እንዲሰጠው አሳስባለሁ።

ተለማምጬ ፎቅ ወጣሁ። ባለሙያችሁ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ። «ከቆሼ አጠገብ» ከማለቴ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ። ጸሐፊዋ መስኮት ከፈተች። አልበቃት አለና ከመሳቢያዋ ሽቶ አውጥታ መጀመሪያ አየሩ ላይ፣ ቀጥሎ እኔ ላይ ነፋች። ታጥቤ፣ የበዓል ነጠላዬን ለብሼ ነበር የመጣሁት።

«ከወረዳ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ክብ ማኅተም ያረፈበት» አለ ባለሙያው።

«ለአፈር?»

«የአፈሩ ባለቤት መሆንዎን የሚገልጽ።»

ከዚያ ፌስታሉን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ለጽዳት ሠራተኛዋ ሰጣት፤ እሷም ዓይኔ እያየ ጥግ ካለው ቅርጫት ደፋችው። የቢሯችሁ ቆሻሻ የት እንደሚራገፍ ስለማውቅ፣ አፈሬን በመንግሥት መኪና ወደ ሰፈሩ ስለሸኛችሁልኝ በድጋሚ አመሰግናለሁ።

ሌላውን አላነሣም። የሰንዳፋው ቆሻሻ መጣያ በ2008 ዓ.ም. ተከፍቶ በአካባቢው ገበሬዎች ተቃውሞ በዚያው ዓመት መቆሙን፣ ቆሻሻው ተመልሶ እኛው ላይ መከመሩን፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው መግደሉን ታውቃላችሁ። በ2010 ዓ.ም. የተመረቀውን የቆሻሻ ኃይል ማመንጫም መርቃችኋል፣ አጨብጭባችኋል።

ግን ስለ ሽታ ካነሣችሁ አይቀር፣ እርሳስ አይሸትም። ቆሼ ላይ ከ50 ዓመት በላይ የመኪና ባትሪ፣ የራዲዮ ባትሪ ድንጋይ፣ የቀለም ጣሳ፣ የተሰበረ ቴሌቪዥን ሲደፋ ከሥሩ ምንም አልተነጠፈለትም። ዝናብ ሲወርድበት ከክምሩ የሚንጠፈጠፈው ጥቁር ፈሳሽ እርሳሱንና ካድሚየሙን እያሟሟ ወደ መሬት ይዞ ይሰርጋል። ካድሚየም በጎመንና በሰላጣ ቅጠል በኩል ሰው ዘንድ ይደርሳል፤ ኩላሊት ከገባ በኋላ 10 ዓመትም 30 ዓመትም ይቀመጣል። እርሳስ ደግሞ ሕፃን ከዋጠችው ከአዋቂ ይልቅ ከ4 እስከ 5 እጥፍ ወደ ደሟ ይገባል፣ አጥንቷ ውስጥ ይከማቻል፣ አእምሮዋን ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ ይህን ያህሉ አይጎዳም የሚባል መጠን እንደሌለው ይናገራል። እና እናንተ እኔ ላይ ሽቶ ትነፋላችሁ? የእኔ ጠረን ማንን ገደለ? ሕፃን አፈር ወደ አፏ ስትከት ማኅተም አይታ ነው? ደመወዝ የምትበሉት ይህንን እንድትመረምሩ አይደለም እንዴ!

ይቅርታ፤ የተከበራችሁ ኃላፊዎች።

የወረዳውን ደብዳቤ አውጥቻለሁ፤ ማኅተሙ ክብ ነው። ሌላ አፈርም ቆፍሬ አዘጋጅቻለሁ። ሽታው የሚያስቸግራችሁ ከሆነ በር ላይ ተቀበሉኝ፣ ፎቅ ካልወጣሁ ብዬ አልሟገትም። ብቻ መርምሩት፤ የእኔን ብቻ ሳይሆን የሰፈሩን ጓሮ ሁሉ፣ የልጆቹንም ደም። የተገኘውንም ቁጥር ሳትሸፍኑ ወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፉልን።

ከሠላምታ ጋር፣
አንዲት ጡረተኛ መምህርት፣ ከረጲ