ደን ባለቤት ሲያጣ ደንታም ያጣል

ሱዳን፣ ኒው ሀልፋ፣ ጀበና ዙሪያ የተኮለኮላችሁ፣ ጠጋ በሉ፤ ጋሼ ሊያስተምሩን ነው። «ገበሬ የደን ጠላት ነው። መሬቱንም ዛፉንም መንግሥት ይያዘው» ይላሉ። አይ ጋሼ! ምን ያዛቸው?

መንግሥትማ ይዞት ነበር እኮ። እ.ኤ.አ. በ1970 ሱዳን ያልተመዘገበ መሬት ሁሉ የኔ ነው ብላ ሕግ አወጣች። የገዳሪፍ ገበሬ ደግሞ መሬቱ የተመዘገበው በአያቱ አፍ እንጂ በመዝገብ ቤት አይደለም። ባለትራክተሩ ድሮም ጀምሮታል፤ ሕጉ ጋዝ ጨመረለት። ሺህ ፌዳን መሬት በሊዝ ወሰደ፣ ሐሻብ የሚባለውን ግራር ነቀለ፣ ማሽላና ሰሊጥ ዘራ። ሙጫ የሚሰጠው ግራር ሄደ፤ ሙጭጭ ያለው ባለሊዙ ቀረ!

«ሕግ አለ» አሉ? አለ እንጂ። በዝናብ ከሚታረሰው 10 በመቶው ዛፍ ይሁን ይላል። ዛፉን ፈልጉልኝ። ወረቀቱ ላይ በቅሎ ይሆናል።

ሐሻብ የራሱ የሆነ ሰው ዝናቡ ሲያበቃ ልጡን ገሸለጥ ያደርጋል፣ ሳምንታት ይታገሣል፣ የጠጠረውን ሙጫ ይለቅማል። ግንዱን አይጎዳም፤ ከርሞም ይመጣበታላ። የማንም ካልሆነስ? ማን ይታገሣል ጋሼ? የታገሠ በቀደመው ተበላ! ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 2009 ጥሬ ሙጫ ወደ ውጭ የመላክ መብት የአንድ ኩባንያ ነበር። መሬቱ የመንግሥት፣ ንግዱ የኩባንያ። ለገበሬው እሾሁን ተዉለት።

ኒው ሀልፋን ራሷን እንያት። እ.ኤ.አ. በ1964 የአስዋን ግድብ ዋዲ ሀልፋን ሲያሰጥም ሰዎቿ ወደዚህ መጡ። መስኪት የሚባል እሾሃም ዛፍም ነፋስ ይከላከላል ተብሎ ተተከለ። ነፋሱን ትቶ እርሻውን ተከላከለ፤ ካናሉንም የገበሬውን ድርሻ ማሳ፣ ሐዋሻውንም ወረሰ። እ.ኤ.አ. በ1995 ይጥፋ ተብሎ አዋጅ ወጣበት። መስኪት አዋጅ አያነብም። ይኸው ባለሐዋሻው ጭሰኛ፣ መስኪት ባለርስት!

«ለገበሬ የመሬት ደብተር ብትሰጠው ዛፉን ቆርጦ ያከስለዋል» አሉ? አዎ፣ ያከስለዋል! ኢትዮጵያ፣ አዊ፣ ፋግታ ለኮማ ወርደው ይዩ። ገበሬው ዲከረንስ የሚባል ግራር ይተክላል፣ በመጀመሪያው ዓመት መሐሉ ላይ ጤፍ ይዘራል፣ በአራት በአምስት ዓመቱ ቆርጦ ያከስላል። ከዚያስ? መልሶ ይተክላል። ባንዲራ የለ፣ ካሜራ የለ፣ ንግግር የለ። ከሰሉ አዲስ አበባ ይገባል፤ ጋሼ የሚወዱት ዶሮ ወጥ በምን የበሰለ መሰለዎ?

«ይሸጠዋል» ደግሞ ይላሉ። ምኑን? መሬቱ በሕገ መንግሥቱ ዛሬም የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ በ1967 ዓ.ም. የተወረሰ እንደተወረሰ ነው። ገበሬው ያለው ደብተር ነው። እሱን ይዞ ጫካ አበቀለ፤ እርስዎ ሙሉ ሥልጣን ይዘው አንድ አጥር አላበቀሉም። ደብተር ብቻውን ይተክላል አልወጣኝም። የከሰሉ ዋጋ አለ፣ እህል የነፈገው አሲዳማ አፈርም አለ። ግን የዛፍ ዋጋ ገበሬውን የሚያጓጓው የሚቆርጠው ራሱ መሆኑን ሲያውቅ ነው።

ኢትዮጵያ እንኳ በ2010 ዓ.ም. ባወጣችው የደን አዋጅ የግልን፣ የማኅበርን፣ የማኅበረሰብን ደን በየስማቸው ጠርታለች። ጋሼ ገና «የመንግሥት» ላይ ቆመዋል። ይልቅ ገዳሪፍ ሰው ካለዎ፣ ለሐሻቡ ገበሬ ያስመዝግቡለት። ተመዝግቦለት ከነቀለው፣ ያኔ እኔን ይስደቡኝ!