«አመጣናችሁ» ለሚለን

«እኛ ከኢትዮጵያ በአውሮፕላን ባናመጣችሁ ምን ታሪክ ነበራችሁ?» ይላል አንዱ፣ እዚሁ እስራኤል፣ ቂርያት ጋት፣ አውቶቡስ ወረፋ ላይ።

ስማኝ ወንድሜ፤ ይህች ከተማ በ1950ዎቹ ከመቆርቆሯ ዘጠና ዓመት ያህል ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1862፣ አባ ማሃሪ የሚባሉ የኛው የቤተ እስራኤል መነኩሴ ሕዝባቸውን አስነሥተው በእግራቸው ወደ ኢየሩሳሌም ወጥተዋል። አውሮፕላን ቀርቶ መርከብ አልጠበቁም። ባሕሩ እንደ ሙሴ ዘመን ይከፈልልናል ብለው ነው የተነሡት።

«ታዲያ ደረሱ?»

አልደረሱም። ትግራይ ላይ ረኃብና በሽታ ፈጃቸው። ከሞት የተረፈው ገሚሱ ተመለሰ፣ ገሚሱ እዚያው ቀረ። ያልደረሰ ሁሉ አልተነሣም ማለት ነው እንዴ?

«ማን ነክቷቸው አገር ለቀቁ?»

ሄንሪ ስተርን የሚባል ሚሲዮናዊ ከለንደን ተልኮ በ1860 መጣባቸው። ራሱ ጀርመን አገር ከአይሁድ ተወልዶ ክርስትና የተነሣ ሰው ነው። ኦሪትን በግዕዝ ሲያነቡ ለኖሩ ቄሶች መጽሐፍ ላስተምራችሁ አላቸው! እነሱም አልተኙለትም። በ1862 አፄ ቴዎድሮስ ፊት ቆመው ስለ ሃይማኖታቸው ተከራከሩ። ኢየሩሳሌም ላሉት አይሁድም ደብዳቤ ጽፈው የመመለሻው ጊዜ ደርሶ እንደሆነ ጠየቁ። «አመጣናችሁ» የምትለው ሰውዬ፣ እኛ ጠርተንህ ነበር።

«ዓለም ያን ጊዜ ሌላ ሥራ ነበረበታ!»

ነበረበት እንጂ። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ፈረንሳይ የኦቦክን ወደብ በ10,000 ጠገራ ብር ገዛች። የኛዎቹ ባሕሩን በእምነት ሊሻገሩ ሲነሡ እሷ ዳርቻውን በብር ትዋዋል ነበር። ጥቅምት ላይ ደግሞ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ ጻፉ። ደብዳቤው ለንደን ደርሶ መልስ አጣ። ንጉሡ ተቆጥተው የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሮንንም ስተርንንም አሰሩ። ለአንድ ወረቀት መልስ የነፈገ መንግሥት በ1868 ጄኔራል ናፒየርን ከነመድፉ መቅደላ ድረስ ለመላክ ግን አልሰነፈም። ንጉሡም እዚያው ሽጉጣቸውን ጠጥተው ሞቱ። የቅኝ ገዢ ነገር እንዲህ ነው፦ ለጥያቄህ ጊዜ የለውም፣ ለወደብህና ለአምባህ ግን አለው።

ልጆቻችን ያን የ1862ን ታሪክ ትምህርት ቤት ሊማሩት ይገባል፤ የኛም፣ ያንተም።

«ተወው፣ የድሮ ነገር ነው።»

ከተማህን በጎልያድ አገር በጋት ስም ስትጠራት ድሮ ነው አላልክም!