አደጋ የማይጠፋበት የግንባታ ቦታ አያያዝ

በግንባታ ቦታ አደጋ በራሱ ጊዜ እንደሚመጣ ይወራል። ልምድ ያለው ተቋራጭ ግን አደጋም እንደ ማንኛውም ሥራ ዝግጅት እንደሚፈልግ ያውቃል። ዝግጅቱ ከበሩ ይጀምራል። «ደህንነት ይቅደም» የሚል ሰፊ ባነር በቆርቆሮው አጥር ላይ ይሰቀላል፤ ከዚያ በኋላ ደህንነት ቀድሞ ስለሄደ ተከትሎ የሚደርስበት አያስፈልግም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደህንነት ኃላፊ እንዲመደብ ስለሚያዝ፣ ሥራው ለዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰው በደብዳቤ ይሰጣል። ሄልሜት አምስት ስድስት ከተገዛ ይበቃል፤ ንጹሕ ሆኖ ለእንግዳ ይቀመጣል። የቀን ሠራተኛው ሻሽና ኮንጎ ጫማ ይዞ ስለሚመጣ በዚህ በኩል ወጪ የለም።

የመሠረት ቁፋሮ ጥሩ አጋጣሚ ነው። ግድግዳው ቀጥ ብሎ ይቆረጣል፤ ተዳፋት መስጠት ቦታ ይበላል፣ በእንጨት መደገፍ ደግሞ ገንዘብ። የወጣው አፈር እዚያው አፋፉ ላይ ይከመራል፤ ርቆ ከተደፋ ክብደቱ ለማንም አይጠቅምም። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ስለሚመዝን፣ ደረት ላይ ሲያርፍ የሰውየው ራስ ከአፈሩ በላይ ቢቀር እንኳ መተንፈስ ያቅተዋል። ስለዚህ ጉድጓዱ በጣም እንዲጠልቅ አያስፈልግም። አዲስ አበባ ውስጥ ዋልካ ያለበት ቦታ ከተገኘ ተፈጥሮ ራሷ ታግዛለች፦ አፈሩ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። ቁፋሮውን ጎትቶ ሐምሌ ማድረስ ይመከራል። የመጀመሪያው ሰው ሲቀበር ጓደኞቹ አካፋ ይዘው ይዘላሉ፣ ሁለተኛው ናዳ እነሱን ያገኛል። ሥልጠና ያልተሰጠው ቡድን ይህን ማንም ሳያዘው ይፈጽመዋል።

መወጣጫው ላይ ግን ጥበብ ያስፈልጋል። የባሕር ዛፍ አጣና በራሱ ጥፋት የለበትም፤ በወግ ሲታሰር ስንት ፎቅ አስጨርሷል። ጉዳት እንዲያደርስ ከተፈለገ እርጥቡ ተቆርጦ ወዲያው ይመታል፤ እንጨቱ እየደረቀ ሲኮማተር ሚስማሩ ይላላል፣ ከውጭ ግን ምንም አይታይም። ከአንዱ ህንፃ ሲፈታ ወደ ሌላው ይዛወራል፣ አዲሱ ሚስማር በአሮጌው ቀዳዳ ይገባል። እግሩ በተደራረበ ብሎኬት ላይ ይቆማል፣ ከህንፃው ጋር አይታሰርም። መረማመጃው አንድ ሳንቃ ቢሆን በቂ ነው፤ ባሬላ የተሸከሙት ሁለት ሴቶች የኋለኛዋ የፊተኛዋን ጀርባ እንጂ እግሯን ስለማታይ ስፋቱ አያሳስብም። ወገብ ላይ የሚደርሰው መከለያ አግዳሚ ለባሬላው መንገድ ስለሚዘጋ ይቀራል። የደህንነት ቀበቶ የግድ ከመጣ መንጠቆው ራሱ መወጣጫው ላይ ይሰካል፤ ሁለቱ አብረው ይወርዳሉ። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1937 የተከፈተው የጎልደን ጌት ድልድይ ሲሠራ ከሥር የተዘረጋው መረብ 19 ሠራተኞችን ማትረፉ የታወቀ ነው፤ በበጀት ስብሰባ ላይ ግን ባይነሳ ይሻላል።

ሶሌታ ሲሞላ ጉዳዩ ቀላል ነው። የአርማታ ጥንካሬ የሚለካው በ28 ቀኑ ነው፤ ፑንቴሎዎቹ ግን ላይኛው ፎቅ ስለሚፈለጉ በሳምንታቸው ይነቀላሉ። አንድ ሜትር ኩብ አርማታ 2.4 ቶን ገደማ መሆኑን ከሥር ለሚያጸዱት መንገር ሥራ ያስፈታል።

ፌሮ ደግሞ 12 ሜትር ነው። 15 ሺህ ቮልት የተሸከመው መስመር በመንገዱ ዳር እስካለፈ ድረስ ተጨማሪ ዝግጅት አያሻም፤ ፌራዮው ዘንጉን አቁሞ ለላይኛው ሲያቀብል ቀሪውን መስመሩ ይጨርሰዋል።

ለጥቂት የተረፉ አደጋዎችም የራሳቸው አያያዝ አላቸው። አሜሪካዊው ኸርበርት ሃይንሪክ እ.ኤ.አ. በ1931 ባሳተመው መጽሐፍ ከአንድ ከባድ አደጋ ጀርባ 29 ቀላል ጉዳቶችና ጉዳት ያላስከተሉ 300 ክስተቶች እንዳሉ ጽፎ ነበር። ቁጥሩ በኋላ ቢያከራክርም ሐሳቡ አስጊ ነው፤ ከትከሻ አጠገብ አልፎ የወደቀ ብሎኬት ሁሉ ከተመዘገበ አንድ ቀን የሚያነበው ሰው ሊገኝ ይችላል። «ተመስገን» ብሎ ወደ ሥራ መመለስ ለሁሉም ይቀላል።

ሰው ከወደቀ በኋላ ቅደም ተከተል መጠበቅ አለበት። በመጀመሪያ የጎደለው አግዳሚ ይመታል፣ ቀጥሎ ግምጃ ቤት ከነበሩት ሄልሜቶች አንዱ ቦታው ላይ ይገኛል፣ ከዚያ በኋላ ፖሊስ ይጠራል። ተጎጂው በጽሑፍ ያልተቀጠረና ካቦው በቅጽል ስሙ ብቻ የሚያውቀው ከሆነ ነገሩ የተሳካ ነው፤ ለዘለቄታው ሙሉ በሙሉ መሥራት ላልቻለ ሠራተኛ አዋጁ የአምስት ዓመት ደመወዝ ያህል ካሣ ቢደነግግም፣ ከሳሹ አስቀድሞ ሠራተኛ እንደነበር ማስረዳት ይጠበቅበታል። አደጋን መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ማሳወቅም የአሠሪው ግዴታ ስለሆነ ሪፖርት ይጻፋል። «የአደጋው መንስኤ» በሚለው ቦታ «የሠራተኛው የጥንቃቄ ጉድለት»፣ «የተወሰደ እርምጃ» በሚለው ቦታ «ሠራተኞች እንዲጠነቀቁ ተነግሯቸዋል» ተብሎ ይሞላል። ስም፣ ቀንና ፎቅ ብቻ ስለሚለዋወጥ፣ ቅጹ አስቀድሞ ተሞልቶ በብዛት ኮፒ ቢደረግ ጊዜ ይቆጥባል።