ቶኪዮ፣ እግዜር ካለ

ቶኪዮን በዓይኑ ለማየት ያሰበ ሰው ከሻንጣ በፊት የሚያዘጋጀው አንድ ሠንጠረዥ አለ። ቪዛው ከሚጠይቃቸው ወረቀቶች አንዱ ነው፤ ቀኑ፣ የዕለቱ ውሎ፣ የሚታደርበት አድራሻ ከነስልኩ ይሞላበታል። እኔ የነገውን ምሳ የት እንደምበላ የማላውቅ ሰውዬ፣ ከሦስት ወር በኋላ ማክሰኞ ከሰዓት የት እንደምገኝ ጻፍ ተባልኩ። በየመስመሩ ጫፍ «እግዜር ካለ» ብዬ ልጨምር ስል ባለቤቴ እስክሪብቶውን ነጠቀችኝ።

«ተው አንተ! ዋስህ መስሏቸው የእሱንም የባንክ ደብተር አምጣ ቢሉህስ?»

ወሩን መምረጥ ራሱ ሽማግሌ የሚያስቀምጥ ጉዳይ ነው። እሷ የቼሪ አበባ ካላየሁ አለች። አበባው ቶኪዮ ላይ የሚፈካው በመጋቢት ሁለተኛ አጋማሽ፣ በዐቢይ ጾም ነው። ከፋሲካ በኋላ ይሁን እንዳንል፣ በሚያዝያ ማብቂያ ጃፓኖቹ በዓላቸውን አከታትለው ስለሚያከብሩ አገሩ በሙሉ መንገድ ላይ ይወጣል፤ የሆቴሉም ዋጋ አብሮ ይወጣል። ሰኔ እዚያም ዝናብ ነው። ዝናብ ለማየት እንግዲህ ባሕር አንሻገርም። ሐምሌና ነሐሴ ሙቀቱ ከነወበቁ ሰው ያቀልጣል ይላሉ። ተጣርቶ ተጣርቶ የቀረልን ጥቅምትና ኅዳር ሆነ።

ከወሩ ይልቅ እኔን ያስፈራኝ ደቂቃው ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2017 ቶኪዮን ከጽኩባ የሚያገናኘው የባቡር ድርጅት ሕዝቡን በይፋ ይቅርታ ጠይቆ ነበር፤ ጥፋቱ አንድ ባቡር ከሰዓቱ 20 ሰከንድ ቀድሞ መነሣቱ ነው። አርፍዶ እንዳይመስላችሁ፤ ቀድሞ! እዚያ የሚኖረው አብሮ አደጌ ማርፈድ ጠባዬ መሆኑን ስለሚያውቅ የምንገናኝበትን ቦታ ሲመርጥ ተጠበበበት። ሺንጁኩ ጣቢያ እንዳይሆን፣ መውጫው ከ200 በላይ ነው፤ እዚያ የጠፋ ሰው የሚገኘው በስለት ነው። ስለዚህ ሺቡያ ጣቢያ ፊት ለፊት ካለው ከሐቺኮ ሐውልት ሥር እንገናኝ አለኝ። ሐቺኮ በ1925 የሞተ ጌታውን ከባቡር ይወርዳል ብሎ እስኪሞት ድረስ ጣቢያው ደጃፍ ወደ አሥር ዓመት ገደማ የጠበቀ ውሻ ነው። ለሀበሻ ቀጠሮ ከዚህ የተሻለ ቦታ በዓለም ላይ አይገኝም።

ሰዓት ካነሣን አይቀር፣ በዝግጅቱ ሁሉ ያስደሰተኝን ነገር ልንገራችሁ። አዲስ አበባና ቶኪዮ በስድስት ሰዓት ይበላለጣሉ። የእኛ የሰዓት አቆጣጠርም ከሌላው ዓለም የሚለየው በስድስት ሰዓት ነው። ሁለቱ ስድስቶች ተጣፉና፣ በአገራችን አቆጣጠር የተሞላ የእጅ ሰዓት ቶኪዮ ሲደርስ ሳይነካ ልክ ሆኖ ይገኛል። እኛ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ስንል እነሱ ምሳ በልተው ከቀትር በኋላ አንድ ሰዓት ይላሉ። አውሮፕላኑ ውስጥ ያለው መንገደኛ ሁሉ ሰዓቱን ሲጠመዝዝ እኔ እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ። ፀሐይዋ ግን የት እንዳለች አትጠይቁኝ። ባለቤቴ ይህን ግኝት ስነግራት፣ «እንግዲያው የማርፈጃ ምክንያትህ አለቀ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

አድራሻውም እንደሚወራው አላስደነገጠኝም። የቶኪዮ መንገድ አብዛኛው ስም የለውም፤ ቤት የሚፈለገው በወረዳው፣ በሰፈሩና በቁጥር ነው። በአንዳንድ አሮጌ ሰፈሮች ቁጥሩ ቤቶቹ በተሠሩበት ቅደም ተከተል ስለተሰጠ 3 ቁጥር ከ17 ቁጥር ጋር አጥር ቢጋራ ማንም አይገረም። ፈረንጁ በዚህ ያለቅሳል አሉ። «ከፋርማሲው ገባ ብለህ፣ ጋራዡን አልፈህ፣ ሰማያዊው በር» እየተባለ ላደገ ሰው ግን አገሩ ነው። ቢቸግር ደግሞ በየሰፈሩ ኮባን የምትባል ትንሽ የፖሊስ ጣቢያ አለች፤ መንገድ ለጠፋበት ማሳየት የዕለት ሥራዋ ነው።

ሠንጠረዡን ይዤ አጎቴ ዘንድ ምክር ልጠይቅ ሄድኩ። እሳቸው መነጽራቸውን ሰክተው ከላይ እስከ ታች አነበቡና፣ «አበበ የታለ?» አሉኝ።

«የቱ አበበ?»

«ቶኪዮ እየሄድክ የቱ አበበ ትለኛለህ?»

ከዚያ ወዲያ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ የሰማሁት አበበ ቢቂላን ነው። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ገና ወር አለፍ ሲለው፣ ሮም ላይ ያልነበረውን ጫማ አጥልቆ፣ የቶኪዮ ኦሎምፒክን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨረሰ። ከሱ በኋላ የመጣው እንግሊዛዊ አራት ደቂቃ ዘግይቷል። እስከዚያ አበበ ሣሩ ላይ ጋደም ብሎ እግሩን ወደ ላይ እያነሣ ሰውነቱን ያፍታታ ነበር። ይህን አጎቴ ምንጣፉ ላይ ወርደው ሊያሳዩኝ ሲሉ በስንት ልመና አስቀረናቸው። የያኔው ስታዲየም ፈርሶ በቦታው እንደ ፈረንጆቹ በ2019 አዲስ ተሠርቷል። ውድድሩ ግን ኮሹ ካይዶ በሚባለው ጎዳና ወደ ምዕራብ ሄዶ ቾፉ ላይ ነበር የሚዞረው፤ መዞሪያው ላይ መታሰቢያ ቆሟል። ከሺንጁኩ በኬዮ መስመር ቶቢታክዩ ጣቢያ ድረስ በባቡር ይኬዳል። እሳቸው በእግር ካልሄድክ ብለው ነበር። ስለዚህ ረቡዕ ላይ 634 ሜትሩን የስካይትሪ ማማ ሰርዤ «ቾፉ፣ ድንጋይ ለማየት» ብዬ ሞላሁ።

ረቡዕ ማለት ጾም ነው። የአትክልት የሚመስለው የጃፓን ሾርባ ብዙ ጊዜ ዳሺ ከሚሉት፣ ከደረቀ ዓሣና ከባሕር አረም ከሚወጣ መረቅ ይሠራል። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር ቤታችን ከመክፈት ጉዞውን መሰረዝ ይቀላል። መላው የተገኘው ከመነኮሳት ነው፤ የቡድሃ ገዳማት ሾጂን ርዮሪ የሚሉት ሥጋም ዓሣም የማይነካው ምግብ አላቸው። የእኛ መነኮሳት ሽሮ በዚያ ዋጋ ቢሸጥ ግን ገዳማቱ ሁሉ ባንክ በከፈቱ ነበር።

የቀረው ሻንጣ ነው። ካጽሺካ ወረዳ፣ ዮጽጊ በሚባል ሰፈር ወገኖቻችን ተሰባስበው ይኖራሉ፤ መሄዴ ከተሰማ ወዲህ ዘመድ ያለው ሁሉ ለልጁ ቋንታ አድርስልኝ ይለኛል። ጃፓን መንገደኛ ይዞት የሚገባ ሥጋን፣ የደረቀውንም ቢሆን፣ በሕግ ትከለክላለች። አውሮፕላን ማረፊያውም ላይ ሻንጣ የሚያሸቱ ውሾች አሏት፤ እነዚህ እንደ ሐቺኮ ትዕግሥተኞች አይደሉም። እናም ዮጽጊ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ለእናቶቻችሁ ደውሉና አስረዱልኝ። የጀበናና የስኒ ትዕዛዝ እቀበላለሁ፤ ቋንታ ግን አልይዝም።