ለማያልቀው ሰርግ ባለቤት

ለልዑል ሉድቪግ፣ የባቫሪያ አልጋ ወራሽ፣ በኋላም ንጉሥ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በሰርግዎ ላይ ሂሳብ ስለ መክፈሌ

ክቡር ሙሽራ ሆይ፣

በቅድሚያ እንኳን ደስ አለዎት። ደስታዬን ለመግለጽ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ብዘገይም ጥፋቱ የእኔ አይደለም፤ ሰርጉ ገና አላለቀም። ልዕልት ቴሬዛን ያገቡት በእናንተ ኦክቶበር 12 ቀን 1810፣ በእኛ ጥቅምት 3 ቀን 1803 ዓ.ም. ነው። ያኔ በእኛ በኩል ራስ ጉግሣ ደብረ ታቦር ላይ ተቀምጠው በጌምድርን ይገዙ ነበር። እሳቸውም አለፉ፤ እርስዎም አለፉ፤ የሙኒክ ሰው ግን ሰርግዎን «ኦክቶበርፌስት» ብሎ ዛሬም በየዓመቱ ዳስ ጥሎ ይጠጣል። እኛ ዘንድ ሰርግ ከመልስና ከቅልቅል አያልፍም። ሙሽሮቹ ከሞቱ በኋላ የሚደገሰውን ድግስ ተዝካር እንለዋለን።

እኔ የላይ ጋይንት ልጅ ነኝ፤ ትምህርት ሐምቡርግ ጥሎኝ ነው። ሰርግዎ ላይ የደረስሁት በሌሊት ባቡር ነው። ይህን ለእናቴ በስልክ ብነግራት፣ «ሌሊቱን ሙሉ ባቡር ቤት ምን ትሠራለህ? ወረፋው በዛ እንዴ?» አለችኝ። አይፍረዱባት፤ በእኛ አገር ባቡር ማለት የእህል ወፍጮ ነው። የሚሄደው ባቡር ጋይንትን ረግጦ አያውቅም። ጀርመንኛ ተናጋሪ ሚሲዮናውያን ጋፋት ላይ ለዐፄ ቴዎድሮስ ያፈሰሱት ሴባስቶፖል መድፍ እንኳ በ1860 ዓ.ም. በእኛ በኩል ሲያልፍ መንገድ እየተጠረገለት፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ ነው፤ ከደብረ ታቦር መቅደላ ለመድረስ ከአምስት ወር በላይ ፈጅቶበታል። እኔ ማታ ሦስት ሰዓት ተሳፍሬ ጧት ሙኒክ ነበርሁ። ልዩነቱ፣ መድፉ ተኝቶ ነው የሄደ፤ እኔ ተቀምጬ አነጋሁ። ተሳፋሪው ሁሉ የቆዳ ቁምጣ ስለ ለበሰ፣ በእንቅልፍ ልብ እስቴ ገበያ የወረድሁ መስሎኝ ነበር።

ስለ ቀኑ አንድ ነገር ልበል። በዓልዎ ስሙ የኦክቶበር ነው፤ ነገር ግን አየሩ ሞቅ እንዲል ብለው ወደ ሴፕቴምበር ስለ ሳቡት፣ ዛሬ በእኛ አቆጣጠር ሙሉ በሙሉ መስከረም ላይ ይውላል። ደመራ ሲለኮስ እናንተ በርሜል ትበሳላችሁ። «ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ቀራችሁ» የሚሉን ሰዎች፣ የጥቅምትን በዓል በመስከረም ሲያከብሩ ማየቴ አጽናንቶኛል።

አሁን ወደ አቤቱታዬ ልግባ። ሰርግ ነው ብዬ ዳሱ ውስጥ ገባሁ። «ብላ፣ ጠጣ፣ በሞቴ!» የሚል ደጋሽ ስጠብቅ፣ አንዲት ሴት እያንዳንዱ አንድ ሊትር የሚይዝ አሥር ኩባያ በሁለት እጇ አቅፋ መጣች። ጉልበቷን እያደነቅሁ እጄን ዘረጋሁ። እሷም ዘረጋች፤ ለገንዘቡ። አሥራ አምስት ዩሮ ገደማ! ልዑል ሆይ፣ በሲማዳ ሰርግ ዕድምተኛ አልጠጣም ካለ ደጋሹ ይቀየማል፤ በእርስዎ ሰርግ ደጋሹ የሚቀየመው ሳይከፍሉ ከጠጡ ነው። በየዓመቱ ስድስት ሚሊዮን ያህል ሰው እየመጣ ራሱን በራሱ የሚያስተናግድበት ሰርግ እንዴት ያለ ብልሃት ነው! የእኔ አባት ለታላቅ እህቴ ሰርግ የሸጠውን በሬ ሳስበው እስካሁን ያንገበግበኛል።

የሙሽራዪቱም ነገር አሳዝኖኛል። ሜዳው በስሟ «የቴሬዛ ሜዳ» ተብሎ ነበር፤ ጠጪው አሳጥሮ «ቪዝን» ይለዋል። ስሟ ወድቆ ሜዳው ብቻ ቀረ። እርስዎም ቢሆኑ ሎላ ሞንቴዝ የምትባል ዳንሰኛ ባመጣችው ጣጣ በእናንተ በ1848 ዙፋን እስከ መልቀቅ ደርሰዋል። ሚዜ አልነበረዎትም? በእኛ ዘንድ የሚዜ ሥራ ገንፎ መብላት ብቻ አይደለም።

ይሁን እንጂ በአንድ ነገር ቀናሁብዎ። የባቫሪያ መሳፍንት በእናንተ በ1516 «ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕስና ከውሃ በቀር አይግባበት» ብለው ደነገጉ፤ ዛሬም በዓሉ ላይ የሚቀዳው የስድስት የሙኒክ ጠማቂዎች ቢራ ብቻ ነው። እናቴ ጋኑን በግራዋ አጥባ፣ በወይራ አጥና፣ ጌሾዋን ወቅጣ፣ በጉና ገብስ ስትጠምቅ ያየ መስፍን አልተገኘም እንጂ፣ ለእሷም ደንብ ይገባት ነበር።

ደንብ ባይኖር ሰው አለ እንዳልል፣ ባለፈው ጥር ወንድሜ ሲያገባ የሆነውን ልንገርዎ። ዳሱ ውስጥ «ስንት ሳጥን ቢራ ገባ?» ተባለ እንጂ፣ «ስንት ጋን ተጠመቀ?» ያለ የለም። ጠርሙሱ ፊት ለፊት ተደረደረ፤ ጠላው ከጓሮ ለእንጨት ፈላጮች ተቀዳ። እናቴ ቅር እንዳይላት ብዬ አንድ ጣሳ ልጠጣ ወደ ጓሮ ስሄድ፣ ሰው እንዳያየኝ ዞር ዞር ብዬ አይቻለሁ። ይህን የሚያውቁት እርስዎና እኔ ብቻ ነን። ገብሳችንን ለብቅል ሸጠን፣ ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ ሲመለስ በብድር እንገዛዋለን። እናንተ እንግዳውን ታስከፍላላችሁ፤ እኛ ደጋሹን እናስከፍላለን። በዚህስ ብልሆቹ እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ የከፈልሁት ይመለስልኝ አልልም። በጥር ጋይንት ድረስ ይምጡና እንካካስ። ጠላው ከጓሮ ነው፤ ሂሳብ የለውም፤ ዞር ዞር ብለው ካዩ ማንም አያይዎትም።

ከሰላምታ ጋር
ከጋይንት የመጣው ዕድምተኛ

ግልባጭ፦
ለልዕልት ቴሬዛ፣ በሙሉ ስሟ
ለእናቴ (በቃል እንዲነበብላት፤ የቢራው ዋጋና የጓሮው ነገር ግን እንዲዘለል)