ባለቤት ያለውን ግስ ምን ትነካካላችሁ?

ፍቅር ሐይቅ ዳር ከዛፍ ሥር አራት ወጣቶች ክብ ሠርተው፣ አንዱ ቆሞ አንዱ ተንበርክኮ፣ የአንገት ሥራቸው ተገትሮ ሲጨቃጨቁ ብታዩ የሐዋሳ ከተማና የሲዳማ ቡና ደጋፊዎች ናቸው ብላችሁ ለማስታረቅ አትሩጡ። መጀመሪያ ጠጋ በሉ። መሀላቸው ከኮፒ ላይ ኮፒ፣ በዚያም ላይ ሌላ ኮፒ ተደርጎ ፊደሉ ገርጥቶ ያለቀ ወርክሺት ታገኛላችሁ። ጠባቸው ባዶ ቦታው ላይ የእንግሊዝኛው «ሁ» ይግባ ወይስ «ሁም» በሚለው ነው። ኳስ ቢሆን እኮ ጥሩ ነበር፤ በ90 ደቂቃ ያልቃል።

ይህች ጥያቄ የማትገኝበት ወርክሺት የለም። የሚኒስትሪ ተፈታኙም፣ የማትሪክ ተፈታኙም፣ ባንክ ሊቀጠር የተሰለፈውም እሷን ሳይሻገር አያልፍም። ሰዉም እንደየእምነቱ ይመልሳታል። «ረዥሙን ምረጥ» የሚሉ አሉ፤ አውጪው አንዲት ፊደል የጨመረው በከንቱ አይደለም ባዮች ናቸው። «ሲ ላይ አጥቁርና እለፍ» የሚሉም አሉ፤ እነዚህ ጥያቄውንም አያነቡት። ለገብርኤል ጥላ ተስላ የገባች አውቃለሁ፤ ስለቱ ለየትኛው ጥያቄ እንደሆነ ግን ለይታ አልነገረችውም። ከፒያሳ ወደ አቶቴ የሚመላለስ አንድ የማኔጅመንት ምሩቅ ባለ ባጃጅ ደግሞ ወርክሺቱን ከመሪው በላይ ሰክቶ ነው የሚሠራው። «እኔ ሕግ ምናምን አላውቅም፤ ጆሮዬን ነው የማምነው» አለኝ። ስፒከሩ ያጓራል። «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ፤ ጆሮውን የሚያምነው ሰውዬ የሰማኝ ከምወርድበት ሁለት ፌርማታ ካለፈ በኋላ ነው።

ጎረቤቴ ያለው የስምንተኛ ክፍል ልጅ የራሱን ሕግ አውጥቶ ጨርሷል። «እኔ ሲል እኔም፣ አንተ ሲል አንተም፣ ሁ ሲል ሁም። በቃ! ሁ ማለት ማን ነው፣ ሁም ማለት ማንም ነው።» አባቱ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ የሚቆጣበት ምክንያት ፈልጎ ሲያጣ መልሶ ዘጋው። «አንቺ እንኳ ንገሪው እንጂ!» ብሎ ወደኔ ዞረ። እኔም የተማረ ሰው ሲጨንቀው የሚያደርገውን አደረግሁ። «ይሄ እንኳ እንደ አገባቡ ነው» አልኩና ወዲያው ምድጃ ላይ የጣድኩት ወጥ ትዝ አለኝ።

ደግነቱ ግቢያችን ውስጥ ቲቸር አሉ። ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር ናቸው፤ ከሰዓት በኋላ ጥቁር ሰሌዳቸውን የአቮካዶው ግንድ ላይ አስደግፈው የአከራያችንን ልጅና የሰፈሩን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ያስጠናሉ። ደንባቸው አጭር ነው፤ እውነቱን ለመናገር ትክክልም ነው። «ባዶ ቦታውን ለጊዜው እርሱት። ከሱ ወዲያ ያለውን ግስ ያዙና ‹ባለቤት አለህ ወይ?› ብላችሁ ጠይቁት። ከሌለው የጎደለው ባለቤት ነውና ሁ አስገቡለት። ባለቤት ካለው ግን ተሳቢ ነው የሚፈልገው፤ ሁም ስጡት።» ቀጥለው ሰሌዳው ላይ «ዘ ዉማን»፣ ከዚያ ሰረዝ፣ ከዚያ «አይ ሜት» ብለው ጻፉ።

«‹ሜት› ባለቤት አለው?»

«አለው! ‹አይ›!»

«እንግዲህ?»

«ሁም!»

አከራያችን ረከቦቱ ሥር ተቀምጠው ስኒ ያጥባሉ። ቀና አሉና፣ «እኔ እምለው ቲቸር፣ ባለቤት ያለውን ግስ ምን ትነካካላችሁ? ባለቤት የሌለው አልቆ ነው?» አሉ። ትምህርቱ ተበተነ። ቲቸር ግን እንዲህ ያለ ነገር አያመልጣቸውም፤ በማግስቱ ሲከልሱ «ባለትዳር ግስ» እና «ላጤ ግስ» እያሉ ነበር። ተማሪዎቹም በአንድ ቀን ያዙት። ባለትዳር ከሆነ ሁም፣ ላጤ ከሆነ ሁ።

ፈተና አውጪ ግን ተንኮለኛ ነው፤ ግቢያችን ይህን ማወቁን የሰማ ይመስል ሌላ ወጥመድ አለው። «ዘ ማን» ይላል፣ ባዶ ቦታ ይተዋል፣ ከዚያ «አይ ቶት ዎዝ ማይ ፍሬንድ»። «ዘ ማን» ሲባል አከራያችን ከወዲያ «ማን?» ማለታቸውን እንተወው። ተማሪው «አይ»ን ገና ሲያይ «ባለትዳር!» ብሎ ሁም ላይ ይወድቃል። ቲቸር ጠመኔያቸውን አንስተው «አይ ቶት» የሚለውን ከበቡት። «ይሄ ጣልቃ ገብ ነው፤ የቤቱ ሰው አይደለም። የሰው ጉዳይ መሀል ዘው ብሎ ‹እኔ እንደሚመስለኝ› የሚል ጎረቤት አታውቁም? እሱ ነው። አስወጡት! አሁን ‹ዎዝ› ባለቤት አለው?» «የለውም!» «ስለዚህ ሁ።» ልጆቹ መልሱን ጻፉ። ጽፈው ሲጨርሱ፣ አንድም ሳይቀር፣ ቀና ብለው ያዩት እኔን ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ቲቸር ጠቅሰዋቸው ነው።

የሚያስቀው ነገር ይህ ልዩነት ለኛ ባዕድ አለመሆኑ ነው። ሐዋሳ ያደገ ልጅ ትምህርት ቤት ሳይረግጥ «ማን መታህ?» ሲባል ማልቀስ፣ «ማንን መታህ?» ሲባል መሮጥ እንዳለበት ያውቃል። ሲዳምኛውም ወላይትኛውም ባለቤትን ከተሳቢ ይለያሉ፤ ሦስቱንም የሚቀላጥፍ ልጅ ደግሞ በየሰፈራችን ሞልቷል። በሦስት ቋንቋ ከዱላ ያመለጠ ልጅ፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ሲማረው የኖረው አራተኛው ላይ ሲደርስ፣ አራት ምርጫ ፊት ለፊቱ ተደርድሮለት፣ ባለበት ድርቅ ይላል።

ሰሞኑን ልጆቹ ነገሩን ከምንጩ እናጣራ ብለው አሣ ገበያው አሞራ ገደል ወረዱ። አባ ኮዳዎቹ የአሣ አንጀት እስኪወረወርላቸው ዙሪያውን ቆመው ይጠብቃሉ፤ አንድ ፈረንጅ ቆሮሶ ጥብሱን ይዟል። ከየት እንደመጣ ሲጠይቁት ከለንደን አላቸው። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ወርክሺቱን ዘረጉለት። ሰውዬው እሾሁን ከአፉ አውጥቶ አነበበው፣ መልሶ አነበበው፣ ከዚያም «ሁ ብትሉም ያስኬዳል፤ እኛ ሁም እምብዛም አንልም» አላቸው። አክብረው አመስግነው ተመለሱ። መንገድ ላይ የደረሱበት ድምዳሜ አንድ ነው፦ ሰውዬው እንግሊዝኛ ይከብደዋል።

ፈረንጁ ግን ከኋላው ሊቅ አለለት። አሜሪካዊው የቋንቋ ምሁር ኤድዋርድ ሳፒር በ1921 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ላንጉጅ» በተሰኘው መጽሐፉ፣ በጥያቄ መነሻ ላይ የምትቀመጠው «ሁም» በሁለት መቶ ዓመት ውስጥ ከተማረ የሕግ ሰው አፍ እንኳ እንደምትጠፋ ተንብዮ ነበር። የተነበየው ዘመን ተጋምሷል፤ በባለቤቶቹም አገር ነገሩ እንዳለው እየሄደ ነው። ሳፒር ያላሰበው ነገር ቢኖር ሐዋሳ ላይ ይህን ያህል ኮፒ ቤት እንደሚከፈት ነው።

እንዲያውም እኛ ጋ ጥበቃ ሁሉ ቆሞላታል። በ2008 ግንቦት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና ቀድሞ ፌስቡክ ላይ ወጥቶ፣ ፈተናው በመላ አገሪቱ ተሰርዞ ወደ ሰኔ መጨረሻ መዛወሩ ይታወሳል። በዚያ ሰሞን ሰፈራችን ሻይ ቤት «መልሱን በዓይኔ አይቻለሁ» የሚል አንድ ልጅ ተከቦ አገኘሁት። ከየት አመጣኸው የሚለው የለም፤ ይልቅ ሁሉም «መልሱ ተሳስቷል!» እያለ ያፋጥጠዋል። ተሰርቆ በመጣ መልስ እንኳ አንስማማም። በዓመቱ፣ በ2009፣ በፈተናው ወቅት የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ። እንግሊዞቹ የጣሏትን ፊደል ለመጠበቅ ስንል እኛ ቴሌግራም ሳናይ ከረምን፤ ሰው ሰው ቤት እየሄደ ወሬ ጠየቀ። ለኔ እንኳ ጥሩ ጊዜ ነበር።

ዳሩ ተማሪ ብቻ ምን አደረገ? ከተማችን የወርክሾፕ ከተማ ናት፤ ሐይቁን አሳይቶ ስብሰባ የሚጠራ መሥሪያ ቤት ብዙ ነው። በአንዱ ላይ ከአዲስ አበባ የመጡ አሠልጣኝ ሱፋቸውን ቆልፈው ብድግ አሉና፣ «ሁም ካን ቴል ሚ?» ብለው ጠየቁ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ስህተት መሆኑን የጠረጠረ ነበር፤ ጎኔ ያለችው ሴትዮ ክርኗን አስገብታብኛለች። ነገር ግን ሱፉም «ሁሙ»ም ከብዶ ስለነበር ሁላችንም በታደለን እስክሪብቶ፣ በታደለን ደብተር ላይ ጻፍነው። እርማት የሚያቀርብ ሰው ሊገኝ ይችል ነበር፤ ግን አበል የሚከፈለው በመጨረሻው ቀን ነው።

አንዷ የግቢያችን ልጅ ደግሞ አንድ ባንክ አስታወቂያ ባወጣ ጊዜ ስንት ሌሊት አጥንታ፣ ሁንና ሁምን እንደ ምስር ለቅማ ለይታ አለፈች። ወንበሯ ላይ ሳያት ደስ ብሎኝ ተሰለፍኩ። ተራዬ ደረሰ። ያ ሁሉ ሰዋስው በየት በኩል ይወጣ ይሆን ብዬ ጓጉቼ ቆሜያለሁ። እሷም በትሕትና አየችኝና «እትዬ፣ ሲስተም የለም» አለችኝ።

እርግጥ ነው «ሁም» በአገራችን ወንበር ያገኘችበት አንድ ቦታ አለ፤ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ራስጌ ላይ። «ቱ ሁም ኢት ሜይ ኮንሰርን» ይላል፤ ለሚመለከተው ሁሉ ማለት ነው። ኮፒ ቤቷ ያለችው ልጅ ኮምፒውተሯ ላይ አስቀምጣዋለች፤ ስምና ቀን ብቻ ትቀያይርበታለች። ደብዳቤውን አሠርቶ የወጣው ሰው ግን አንደኛ ፎቅ ሲሄድ «እኔን አይመለከተኝም» ይባላል፣ ሦስተኛ ፎቅ ሲወጣ «ይሄ ታች ነው» ይባላል። ይህ የሚመለከተው «ሁም» የሚባል ሰውዬ ዘወትር ስብሰባ ላይ ነው መሰለኝ።

የሆነው ሆኖ የአከራያችን ልጅ የምትፈተንበት ቀን ደረሰ። በ2015 መስከረም ማትሪክ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ በማደር መሰጠት እንደጀመረ ታውቃላችሁ። በዚያ የመጀመሪያ ዙር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆን ያልደነገጠ ወላጅ አልነበረም፤ የቲቸርም የአቮካዶ ጥላ ሰው አልበቃ ያለው ከዚያ ወዲህ ነው። እናም ልጅቷን ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ በር ድረስ በባጃጅ ሸኘናት። በሶ ተይዟል፣ ቆሎ ተይዟል፣ ብርድ ልብስ ተይዟል። ሌላዋ እናት ልጇን አቅፋ ታለቅሳለች። የኛዋ እናት፣ ልጃቸው ፍተሻውን አልፋ ጀርባዋን ከሰጠች በኋላ፣ ጥበቃው እስኪደነግጥ ድረስ «ጣልቃ ገቡን እንዳትረሺ!» ብለው ጮኹ።

ስትመለስ ግቢው በሙሉ በረንዳ ላይ ወጥቶ ይጠብቃታል። ቡና ተፈልቷል፣ ቄጤማው ተጎዝጉዟል። ደህና ነሽ ወይ፣ ተኝተሻል ወይ፣ በልተሻል ወይ ያላት የለም።

«ሁም መጣ?»

«አልመጣም።»

«ሁስ?»

«እሱም የለም። ፓሴጅ ነው የበዛው።»

አከራያችን ጀበናውን አስቀመጡ። «እንዴት አይመጣም? ይሄን ያህል ተለፍቶበት! ግሱን ስንድርና ስናፋታ የከረምነው ለማን ብለን ነው?» የሁላችንም ፊት ጠቆረ፤ እኔማ አንድ ቤተሰብ የተጓደለብኝ ነው የመሰለኝ። ያ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ብቻ ፈንዲሻውን እየቃመ፣ «አላልኳችሁም? ሁም ማለት ማንም ነው። ይኸው፣ ማንም አልመጣም!» አለ። አባቱ አሁንም አፉን ከፈተ፤ አሁንም ዘጋው።

ቲቸር ግን አልተረበሹም። ስኒያቸውን አጋምሰው፣ «ያልመጣው ለከርሞ ተቆጥቦ ነው» አሉና ወንበራቸውን ወደ ልጁ አባት አስጠግተው ስለ ወር ክፍያው ማውራት ጀመሩ።