ቅልጥፍና የለም፦ ከሀና ማርያም የታክሲ ግፊያ የተገኘ ማስረጃ

ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ወደ ሀና ማርያም የሚሄድ ሚኒባስ ብቅ ሲል የሰው ልጅ ወዲያው በሁለት ይመደባል። የገባው ቀልጣፋ ነው፤ የቀረው ፈዛዛ። ምደባው ለገባው ሰው ስለሚመች የሚመረምረው አልተገኘም። የዚህ ጽሑፍ አቋም ግን ቅልጥፍና የሚባል አንድ ነገር የለም የሚል ነው። ያሉት ብዙ ልዩ ልዩ ችሎታዎች ናቸው፤ በአንድ ሰው ገላ ውስጥ ተዳብለው ይኑሩ እንጂ እምብዛም አይተዋወቁም።

ተሳፋሪው ብቻውን አልተሳሳተም። ባለፈው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ የስፖርት ሳይንስ ሰዎችም አንድ አጠቃላይ የእንቅስቃሴ ችሎታ አለ፣ እሱ የሞላለት በሁሉም ነገር ይሳካለታል ብለው ያምኑ ነበር። ይህን እምነት ካናጉት አንዱ የበርክሌዩ ፍራንክሊን ሄንሪ ነው፤ በአንድ እንቅስቃሴ ጎበዝ መሆን በሌላው ጎበዝ ለመሆን ዋስትና አይሆንም አለ። እ.ኤ.አ. በ1967 ድሮዋትስኪና ዙካቶ የሚባሉ ተመራማሪዎች ስድስት የሚዛን መጠበቂያ ፈተናዎችን ለተመሳሳይ ሰዎች ሰጥተው ውጤቶቹን ሲያነጻጽሩ፣ በሁለት ፈተናዎች መካከል የተገኘው ከፍተኛው ዝምድና 0.31 ሆነ። ቁጥሩ በራሱ ሲባዛ፣ አንዱ ፈተና ስለሌላው የሚናገረው አንድ አስረኛውን ያህል ብቻ ነው ማለት ነው። ሚዛን እንኳ አንድ ካልሆነ ቅልጥፍና አንድ የሚሆንበት ምክንያት አይታይም።

ኤድዊን ፍላይሽማን ደግሞ ችሎታዎቹን እየነጠለ ስም አወጣላቸው፤ የእጅና የእግር ቅንጅት፣ የጣት ፍጥነት፣ የእጅ አለመንቀጥቀጥ፣ ቅጽበታዊ ጉልበት፣ ሌሎችም። ከዝርዝሩ ብዙውን ያወጣው በአሜሪካ አየር ኃይል ፓይለቶች ምርጫ ላይ ሲሠራ መሆኑ ያሳዝናል፤ የሀና ማርያምን ታክሲ ቢያገኝ ኖሮ ብዙ መሣሪያ ይተርፈው ነበር። ሚኒባሱ ገና ሳይቆም በሩ የት እንደሚያርፍ መገመት የሚንቀሳቀስ ነገርን ፍጥነት የመከተል ችሎታ ነው። ግራና ቀኝ ሰው ሲገፋ የትኛው ክፍተት እንደሚያሳልፍ መለየት ፈጥኖ የመምረጥ ችሎታ ነው። ክረምት ላይ ጭቃ በተቀባ ጫማ መርገጫው ላይ መውጣት ሚዛን ነው። ከገቡ በኋላ በተጨናነቀ ጉልበት መሃል ከኪስ ብር ማውጣት ደግሞ የጣት ጉዳይ ነው። የተሳፋሪውን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ይመሰክራል፤ በግምት አንደኛ የሆነው ሰው መርገጫው ላይ ይንሸራተታል፣ ሁሉንም ያለፈውም ሂሳብ ሲጠየቅ ሳንቲሙን ወንበር ሥር ይጥላል።

«ወያላውስ?» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። በአንድ እጁ በሩን ይዞ ደጅ ተንጠልጥሎ፣ በሌላው ብሩን በየጣቱ መሃል ሸጉጦ፣ «ሀና! ሀና! ሀና!» እያለ መልስ የሚቆጥር ሰው የአጠቃላይ ቅልጥፍና ሕያው ማስረጃ ይመስላል። ማስረጃነቱ ግን የሚሠራው በበሩ ዙሪያ ብቻ ነው። ይኸው ሰው መርፌ ውስጥ ክር እንዲያስገባ ወይም እሁድ ኳስ እንዲያቀብል ቢጠየቅ የሚሆነውን ከወዲሁ መናገር አይቻልም፤ የሄንሪም ነጥብ ይኸው ነው።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ «ሁሉም የልምድ ጉዳይ ነው» የሚለው ነው። በከፊል እውነት ስለሆነ ያስቸግራል። ፍላይሽማንና ሄምፕል እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ እንዳሳዩት፣ አንድ ሰው ሥራን እየለመደ ሲሄድ ሥራው የሚጠይቀው ችሎታ ራሱ ይለወጣል። መጀመሪያ ላይ አቅጣጫንና ቦታን መረዳት ይበልጣል፤ በኋላ የእንቅስቃሴ ፍጥነትና የሥራው የራሱ የሆነ ነገር ይተካዋል። ስለዚህ ወደ ሰፈሩ በቅርብ የገባ ተከራይ የሚቀረው ታክሲው የት እንደሚቆም ባለማወቁ ነው፤ ነባሩ ነዋሪ ደግሞ በሚገባ እያወቀ ይቀራል። ልምድ ሁለቱን እኩል አላደረጋቸውም፤ የሚቀሩበትን ምክንያት ብቻ ለይቶላቸዋል።

የአትሌቶቻችን ስም መነሳቱም አይቀርም። ቀነኒሳ በቀለ በ1997 ዓ.ም. ብራስልስ ላይ 10 ሺህ ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ጨርሷል። ክብር ይገባዋል። ይሁንና ከአስፋልቱ ዳር እስከ ታክሲው በር ያለው ርቀት ሦስት ሜትር ያህል ነው፤ ትንፋሽ ከመቆጠሩ በፊት ውድድሩ ያልቃል።

ለጥናቱ እውነተኛ እንቅፋት የሚሆነው ተራ አስከባሪው ነው። ጠዋት ሰልፍ ሲያስይዝ በተሳፋሪዎች መካከል ያለው የችሎታ ልዩነት በሙሉ ይጠፋል፤ በግምት የላቀውም፣ በጣት የላቀውም፣ ሁለቱንም ያልታደለውም በመጡበት ቅደም ተከተል ይገባሉ። ይህ ለሳይንስ ከባድ ኪሳራ ነው። ሰልፉ የሚለካው ቆሞ መጠበቅን ብቻ ሲሆን፣ እሱ ደግሞ በፍላይሽማን ዝርዝር ውስጥ የለም። ወደፊት የሚመጡ ተመራማሪዎች መረጃቸውን ማታ፣ ቢቻል ዝናብ ሲጥል፣ ተራ አስከባሪው ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ እንዲሰበስቡ ይመከራሉ፤ የመመለሻ ታክሲ ግን አስቀድመው ይያዙ።